ድርቁ ያው፣ ጉዳቱ ሌላ

ከእናንተ መካከል አንዳችሁ የወረወራችሁት ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። በ1977 ዝናብ ጠፋ፣ ሕዝብ አለቀ። በ2007ም ዝናብ ጠፋ፤ በአሥርት ዓመታት ውስጥ ከታዩት ድርቆች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው ተባለ። የአገሪቱም ሕዝብ በመካከሉ ከ40 ሚሊዮን ገደማ ወደ 100 ሚሊዮን ገደማ አድጓል። ታዲያ የ77ቱ እልቂት ለምን አልተደገመም? ሰማዩ ራራ እንዳንል አልራራም። እንግዲህ የተለወጠው ምድር ላይ ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ይሄን ነገር ሳጠና ብዙ የሚያስገርም ጉድ ስላገኘሁ ላካፍላችሁ።

መነሻው ቀላል ነው። ድርቅና ጎርፍን የሚያጠኑ ሰዎች ጉዳትን የሚያዩት በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው አደጋው ራሱ ነው፦ ዝናቡ ስንት ሚሊሜትር ጎደለ፣ ወንዙ ስንት ሜትር ሞላ። ሁለተኛው በመንገዱ ላይ ምን አለ የሚለው ነው፦ ስንት ሰው፣ ስንት ቤት፣ ስንት ከብት። ሦስተኛው ደግሞ ያ በመንገዱ ላይ ያለው ሰው ሲመታ የመቋቋም አቅሙ ምን ያህል ነው የሚለው። አንዱ ጉንፋን አንዱን አስነጥሶት ያልፋል፣ ሌላውን አልጋ ላይ ይጥለዋል፤ ይኸው ነው። ሦስቱም ነገሮች ባሉበት አይቆሙም፤ በሁለት ድርቆች መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም ይለዋወጣሉ። ዜናው የሚነግረን ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው።

ከ1966ቱ ረሃብ ልጀምር፣ ምክንያቱም ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የ1964 ክረምት ወሎ ላይ ከዳ፣ የ1965 በልግም ተከተለው። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ይህንን ረሃብ መርምሮ ነበር፤ ያገኘው ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ እየወደቀ ሳለ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። እንዴት ይሆናል? ዋጋ የሚንረው ገዢ ሲሻማ ነው። የወሎ ገበሬ ግን ማሳው ሲከዳው የሚበላውንም የሚሸጠውንም አብሮ አጣ። እጁ ላይ ሳንቲም የሌለው ሰው ገበያ ወጥቶ ዋጋ ሊያስወድድ አይችልም። ነጋዴውም ገንዘብ ወዳለበት ነው የሚጭነው። ከወሎ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር የተራቡ ሰዎች መኪና እያስቆሙ ምግብ ሲለምኑ፣ በዚያው ጎዳና ላይ እህል የጫነ መኪና ሊያልፍ ይችል ነበር።

አርብቶ አደሩ ጋ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። ድርቅ ሲገባ ከብቱ ይከሳል፤ ሁሉም ሳይሞትብኝ ልሽጥ ብሎ በአንድ ሳምንት ገበያ ሲወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ እህሉ ግን ቢያንስ ባለበት ይቆያል። ትናንት ለወራት እህል ያስሸምት የነበረ በሬ ዛሬ ለሳምንታት እንኳ አያደርስም። ድርቁ ከብቱን በነፍስ ያተረፈለትም ሰው በገበያው ይመታል። ዛሬ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች በየገበያው እየዞሩ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ በቆሎ እንደምትገዛ የሚመዘግቡት ለዚህ ነው። እኔ በበኩሌ ከዝናብ ካርታ ይልቅ ይሄን ቁጥር ባየው እመርጣለሁ።

አሁን ወደ አፋር ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ጋ ድርቅና ጎርፍ ይገናኛሉ። አዋሽ ድሮ በየክረምቱ ሞልቶ ቆላውን ያጥለቀልቅ ነበር። አፋሩ ይህን ጎርፍ እንደ ጥፋት ብቻ አያየውም ነበር፤ ውሃው ሲጎድል የሚተወው ለም የወንዝ ዳር መሬት በበጋ የከብቱ መሸሸጊያ ነው። ሌላው ሜዳ ሁሉ ሲደርቅ እዚያ ሣር አለ። በ1952 የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ግድቡ ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የተሠራ ነው፣ ዋና ዓላማውም ኤሌክትሪክ ነው፤ ነገር ግን የወንዙን ፍሰት ስላስተካከለው ከግድቡ በታች በመስኖ ማልማት ተቻለ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች በወንዙ ዳርና ዳር ተዘረጉ። የት ላይ? ያው የአፋር ከብት በበጋ የሚሸሽበት መሬት ላይ ነዋ! ከጥቂት ዓመታት በኋላ የ66ቱ ድርቅ ሲመጣ አፋሩ እንደ አባቶቹ ወደ ወንዙ ወረደ፤ የጠበቀው ጥጥ ነው። ከወሎ ሕዝብ ሁሉ ክፉኛ ከተመቱት አንዱ አፋሩ የሆነው በዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም። ጎርፉን የገራው ግድብ ከብዙ ኪሎ ሜትር በታች የድርቁን ጉዳት አከበደው። ግድቡ መሠራት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም፤ መብራቱንም ስኳሩንም አግኝተንበታል። ሂሳቡ ሲሠራ ግን የአፋሩ ሣር አልተቆጠረም።

የቆቃ ታሪክ በዚህ አያበቃም። ከላይ ከደጋው የሚታጠበው አፈር በየክረምቱ ሐይቁ ውስጥ ይተኛል፤ ግድቡ ውሃ ከሚይዝበት ቦታ ትልቅ ድርሻውን ባለፉት ስድሳ ዓመታት ደለል ወስዶበታል። የመያዝ አቅሙ ሲቀንስ ክረምት ሲበረታ በር ከፍቶ ከመልቀቅ ሌላ አማራጭ የለውም። በታች ያለው ሰው ግን ወንዙ ተገርቷል ብሎ ቀርቦ ሰፍሯል፣ ቤት ሠርቷል፣ አርሷል። በነሐሴ 2012 አዋሽ ሲሞላ አፋር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ግድብና የጎርፍ መከላከያ ግንብ ይህ ጠባይ አላቸው፦ ትንንሾቹን ጎርፎች ያስቀሩልናል፣ እኛም ተማምነን እንጠጋለን፤ ስለዚህ ከአቅማቸው በላይ የሆነው ጎርፍ ሲመጣ የሚያገኘው ሰውና ንብረት ከድሮው ይበልጣል። ተመራማሪዎች ስለ ውሃ ማጠራቀሚያም ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። ውሃ በተጠራቀመ ቁጥር ተጠቃሚው ይበዛል፤ ረዥም ድርቅ ሲመጣ ጥገኛው ሁሉ አንድ ላይ ይጠማል።

ወደ 77 ልመለስ። ከ66ቱ በኋላ ትምህርት አልተወሰደም እንዳትሉ፤ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተወለደው ከዚያ ረሃብ ነው። ኮሚሽኑ የዝናቡንም የገበያውንም ሁኔታ ይከታተል ነበር፤ በመጋቢት 1976 ለለጋሾች ጥሪ አቅርቦ ነበር። ማስጠንቀቂያው ነበር፣ ሰሚ ግን አልነበረም። ምዕራባውያኑ ለሶሻሊስት መንግሥት እጃቸውን ለመዘርጋት ዳተኛ ነበሩ፤ መንግሥትም በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድምቀት እያከበረ ነበር። በዚያ ላይ ረሃቡ የጠናባቸው ሰሜናዊ አካባቢዎች የጦር ሜዳ ነበሩ፤ መንገድ ዝግ፣ ገበያ የተበተነ። በጥቅምት ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ኮረም በነበረው የተራቡ ሰዎች ሰፈር የቀረጹት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ተንጫጫ። የ66ቱንም ረሃብ ለዓለም ያሳየው የጆናታን ዲምቢልቢ ፊልም የታየው በጥቅምት 1966 መሆኑ ይገርመኛል፤ ሁለቱም ጊዜ ካሜራው የደረሰው ሰው ካለቀ በኋላ ነው። በ77 የሞተው ሰው ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል። የግምቱ ስፋት ራሱ ሙታኑን የቆጠረ እንዳልነበረ ይናገራል።

በ2007 ምን የተለየ ነገር ነበረ? በመጀመሪያ፣ ጦርነት አልነበረም፣ መንገዱ ክፍት ነው። ሁለተኛ፣ ከ1997 ጀምሮ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነበር። ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድርቅ ኖረም አልኖረም በየዓመቱ ለጥቂት ወራት እርከን እየሠራ፣ ጉድጓድ እየቆፈረ ገንዘብ ወይም እህል ያገኝ ነበር። ይሄ ነገር ተራ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚልቀው ለውጥ ይሄ ነው። የደሴን ገበያ አስታውሱ፤ የገደለው እጅ ላይ ገንዘብ አለመኖሩ ነበር። ሴፍቲኔት የሚሞላው በትክክል ያንን ቀዳዳ ነው፤ ገበሬው በሬውን ሳይሸጥ ክፉውን ወር ያልፋል፣ ዝናቡ ሲመለስ የሚያርስበት አለው። በታኅሣሥ 2008 ከሴፍቲኔቱ ተጠቃሚዎች ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ይፋ ተደረገ፤ ስንዴ ተገዛ፣ የጅቡቲው ባቡር ገና ሳይመረቅ እህል ማመላለስ ጀመረ። ሰው አልተጎዳም ማለት አይደለም፤ ሕፃናት ኮስሰዋል፣ ከብት አልቋል፣ ትምህርት ያቋረጠም ብዙ ነው። የኮረም ዓይነቱ ሰፈር ግን አልታየም።

እዚህ ጋ ብቆም ጥሩ ታሪክ ይሆን ነበር፤ በየድርቁ እየተማርን እየተሻልን መጣን የሚል። ይህን ተረት ያፈረሰው 2016 ነው። በዚያ ዓመት ትግራይንና ከፊል አማራን የመታው ድርቅ በስፋቱ ከ2007ቱ አይደርስም። ሆኖም በጥር 2016 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። የሁለት ዓመቱ የትግራይ ጦርነት በጥቅምት 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲቆም በሬው ታርዷል ወይም ተዘርፏል፣ ጎተራው ባዶ ነው፣ የጤና ጣቢያው ፈርሷል። በዚያ ላይ በሰኔ 2015 የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ለሌላ ዓላማ እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ እርዳታቸውን ለወራት አቆሙ። ሃያ ዓመት የተገነባ አቅም በሁለት ዓመት ሊናድ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ስለ ጎርፍ ደግሞ ድሬዳዋን የሚያህል አስተማሪ የለም። ከተማዋን የምታውቁ ደቻቱን ታውቁታላችሁ፤ ከዚራንና መጋላን የሚለየው፣ ከዓመት እስከ ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ። ደረቅ ስለሆነ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከተማዋ ከባቡሩ ጋር ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ ሲበዛ ቤቱም ወደ አሸዋው ዳር እየተጠጋ መጣ፤ መሬቱ ሜዳ ነው፣ ለገበያ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው። ከላይ ደግሞ የደንገጎ ተራራ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ቆሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ከተማ ቁልቁል ያያታል፤ ዛፉ ተመንጥሯል፣ ገደላማው ሁሉ ታርሷል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ሌሊት ከፍታው ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከተማው ተኝቷል። ደራሽ ጎርፍ ሲወርድ ድምፁ ይቀድማል ይባላል፤ በእኩለ ሌሊት ግን ድምፁን ሰምቶ፣ ለይቶ፣ ልጅ ቀስቅሶ ለመሮጥ ጊዜ አይገኝም። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ።

ደቻቱ ከዚያ በፊትም ሞልቶ ያውቃል። በመካከሉ የተለወጠው ሁለት ነገር ነው፤ ከላይ ውሃውን የሚይዘው ተራራ ተራቁቷል፣ ከታች የሚጠብቀው ሰው በዝቷል። ከ1998 በኋላ በወንዙ ዳር ግንብ ተሠራ፣ የተወሰነው ሰውም ከዳር ተነሥቶ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። በሚያዝያ 2012 እንደገና ደራሽ ጎርፍ ከተማዋን መታ፤ የሞቱት 4 መሆናቸው ተዘገበ። ይሄው ግንቡ ሠራ ብሎ መደምደም ያጓጓል፣ ግን ቀስ በሉ፤ ሁለቱ ዝናቦች እኩል አልነበሩም፣ ሰዓቱም ሌላ ነው። ሁለት አደጋዎችን ስናነጻጽር ከባዱ ሥራ ይኸው ነው፤ ሰማዩ ያመጣውን ልዩነት ሰው ካመጣው ልዩነት መለየት።

ለዚህ የሚመች ንጹሕ ጥንድ ጀርመን አገር አለ። ኮሎኝ ከተማ ላይ ራይን ወንዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 እስከ 10.63 ሜትር ሞላ፤ ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ፣ በጥር 1995፣ 10.69 ሜትር ደረሰ። ሁለተኛው በስድስት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል፤ ጉዳቱ ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ትልቅ ግንብ አልተሠራም። ሰዎቹ ያለፈውን ጎርፍ ገና አልረሱትም፤ ማስጠንቀቂያው ሲሰማ ዕቃቸውን ከምድር ቤት አወጡ፣ የማሞቂያ ዘይታቸውን ጋን አሰሩ፣ መኪናቸውን ወደ ከፍታ ነዱ። ችግሩ ይህ ዕውቀት አይሰነብትም። ፕራግን አቋርጦ በሚያልፈው የቭልታቫ ወንዝ ዳርቻ የመንደሮችን የዘመናት ታሪክ ያጠኑ ሰዎች እንዳገኙት፣ ከትልቅ ጎርፍ በኋላ አዲስ መንደር ሲቆረቆር ከወንዙ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሆናል፤ ጎርፉን ያየው ትውልድ ሲያልፍ ግን ልጆቹ ተመልሰው ወደ ውሃው ይወርዳሉ።

እንዲህ ያሉ ጥንዶችን ከመላው ዓለም ሰብስቦ ማወዳደር የሚገርም ሐሳብ ነው፤ ያደረጉትም አሉ። በጀርመናዊቷ ሃይዲ ክራይቢሽ የተመራ ትልቅ የተመራማሪዎች ቡድን በአንድ ቦታ ሁለት ጊዜ የደረሱ 45 የጎርፍና የድርቅ ጥንዶችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ አሳተመ። ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው እየበረታ፣ ጉዳቱ ግን ያነሰባቸው ስንት ይመስላችኋል? ሁለት ብቻ! አንዱ የባርሴሎና ከተማ ጎርፍ፣ ሌላው በኦስትሪያና በጀርመን የዳንዩብ ተፋሰስ ጎርፍ። በሌሎቹ፣ ሁለተኛው አደጋ ሰው ከዚያ በፊት ካየው ሁሉ ሲያልፍ ዝግጅቱ አልበቃም። ምክንያቱን ስታስቡት ግልጽ ነው፤ ግንቡም፣ ግድቡም፣ ዕቅዱም የሚለካው ባለፈው አደጋ ነው። አእምሯችንም እንደዚያው ነው፤ ያላየነውን ጎርፍ ለመፍራት እንቸገራለን።

ስለ ሞትና ስለ ንብረት የሚባለው ግን ለየብቻ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ሁለቱ ወደተለያየ አቅጣጫ ሊሄዱ ይችላሉ። ባንግላዴሽ በዚህ የታወቀች ናት። እ.ኤ.አ. በ1970 በባሕር ማዕበል የታጀበ አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመጣ የሞተው በጥቂት ሺዎች የሚቆጠር ነው። በየመንደሩ በሜጋፎን እየዞሩ የሚያስጠነቅቁ በጎ ፈቃደኞችና ከፍ ብለው የተሠሩ መጠለያዎች ናቸው ያንን ያመጡት። ሰው ይሸሻል፤ ቤት፣ የሩዝ ማሳና የዓሣ ኩሬ ግን አይሸሹም፤ ስለዚህ የሚሞተው እያነሰ የሚወድመው ንብረት ሊጨምር ይችላል።

የአየር ንብረት ለውጡስ? አለበት፣ ግን ሰዎች በሚያስቡት መንገድ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ከሽፈዋል። ይህን ድርቅ ያጠኑ የአየር ንብረት ባለሙያዎች እንዳሉት፣ እንዲህ ያለ ድርቅ የመከሰት ዕድሉን የምድር መሞቅ ቢያንስ መቶ እጥፍ አድርጎታል፤ ትልቁ ምክንያት ደግሞ ሙቀቱ መሬቱ ላይ ያለውን ጥቂት እርጥበት ቶሎ ማትነኑ ነው። ሌላው ነገር የአደጋዎቹ መቀራረብ ነው። አንድ የቦረና ቤተሰብ መንጋውን ካጣ ጥጃ አሳድጎ፣ ጊደር አስወልዶ ወደነበረበት ለመመለስ ዓመታት ይፈጅበታል። ድርቁ በየአሥር ዓመቱ ሲመጣ ይደርስበታል፤ በየሦስት ዓመቱ ሲመጣ አይደርስም። ድርቁ ራሱ ከድሮው ባይብስ እንኳ ያገኘው ሰው ገና ከወደቀበት አልተነሣም። አንዳንዱ ከብቱን ትቶ ወደ ግመል እየዞረ ነው፤ ግመል ጥማቱን ትችላለች፣ ሣሩ ቢያልቅ ቅጠል ትበላለች። የሚገዛት አቅም ያለው ግን ሁሉም አይደለም።

ከዚያ ድርቅ ወዲያው፣ በኅዳር 2016፣ ኤልኒኞ የሚባለው የአየር ክስተት ሶማሌ ክልል ላይ ዝናቡን አወረደው። ሸበሌ ሞልቶ መንደሮችን ዋጠ፤ የተፈናቀለው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነው። የደረቀው መሬት ውሃውን አልመጥ ብሎ ገፋው። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። እንዲህ ያለ ጎርፍ ሪፖርት ላይ ውሃ የወሰደው ከብት ቁጥር አነስ ብሎ ብታዩ፣ ማስጠንቀቂያው ሠራ፣ ሕዝቡም ተዘጋጅቶ ነበር ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ኋላ ሄዳችሁ የድርቁን ሪፖርት ክፈቱ። ሚሊዮኖች ከብቶች በድርቁ አልቀው ነበርና ጎርፉ የሚወስደው ብዙም አልተረፈለትም።